ሩሐማ ለራሷ የሠራቻቸው ቀይ ልቦች

ሩሐማ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቤታቸው እዚሁ ነገሌ፣ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ከነጋዴው ከራሺድ ቤት ጋር በቅንጭብ አጥር ይዋሰናል። እናቷ አየለች ከቤቱ ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አላት። ሳሙና በሉት፣ ብስኩት በሉት፣ ክር በሉት፣ አይጠፋም። አባቷ ሸቀጥ ጭኖ ክብረ መንግሥት የሚመላለስ ሰው ነው፤ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ወንድም አላት፣ ኢዩኤል የሚባል፣ የአምስት ዓመት ልጅ። ይህ ኢዩኤል እህቱ ከሄደችበት አይቀርም ነበር። ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ ደጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። አትሳቁ! የእናንተም ታናናሾች እንዲሁ ናቸው።

ልጆቼ፣ ይህ ታሪክ የሚያስቅ አይደለም። ጣፋጭ የፈለገ ሌላ ቀን ይምጣ። ይኼኛው ሬት ነው። እናቶቻችን ግን ለሆድ ቁርጠት ሬት ነበር የሚሰጡን፤ ስለዚህ ቀረብ በሉ። አንተ፣ ጠጠሩን ጣልና ስማ።

ነገሩ የሆነው በየካቲት ነው። የካቲትን ታውቁታላችሁ። ምድሩ ይነድዳል፣ ኩሬው ይደርቃል፣ ሰው ጄሪካኑን ደርድሮ ውኃ የሚያመጣውን የአህያ ጋሪ መንገድ መንገድ ያያል። በዚህ ወር በሰባተኛው ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ገብቶ ነበር። “የፍቅረኞች ቀን” ይሉታል፤ “ቫለንታይን” ይሉታል። ልጆቹ ቀይ ይለብሳሉ። ቀይ ወረቀት በልብ ቅርጽ ቆርጠው፣ ስም ጽፈውበት፣ ለወደዱት ይሰጣሉ። ቫለንታይን ማን ነው ብትሏቸው የሚመልስ የለም። አንዱ የአበባ ስም ነው ይላል፤ አንዱ የከረሜላ ፋብሪካ ነው ይላል። የማን እንደሆነ የማያውቁትን በዓል ያከብሩ ነበር። ትልልቆቹም እንዲሁ ነን እንጂ፣ በልጆች ብቻ አልፈርድም።

ባለፈው ዓመት ለሩሐማ አንድም ልብ አልደረሳትም። ሳቢር የሚባል ቀልደኛ ልጅ ክፍሉ ፊት ቆመና፣ “ሩሐማን ምንም አትጠይቋት፣ የበጋ ኩሬ ናት፤ ደርቃለች!” ብሎ አሳቀባት። እሱ እዚያው ረሳው። እሷ ግን ዓመቱን ሙሉ አልረሳችውም። ቃል እንዲህ ነው፤ የተናገረው ይተኛል፣ የሰማው ሲገላበጥ ያድራል።

ታዲያ ዘንድሮ ምን አደረገች? በዋዜማው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከእናቷ ሱቅ ባዶ የብስኩት ካርቶን አነሣች። የካርቶኑ ገጽ ቀይ ነው። ከቤቱ ጀርባ ተደብቃ በመቀስ ልብ ልብ አድርጋ ቆረጠችው። ከዚያ ጽሕፈቱ የእሷ እንዳይመስል በግራ እጇ፣ “ለሩሐማ፣ ከሚወድሽ” እያለች ጻፈችበት። አዎ፣ ራሷ ለራሷ! አሁንም አትሳቁ። የሚወደኝ የለም ብሎ ያመነ ሰው የማያደርገው የለም።

የካርቶን ልብ ብቻውን አላምር አላት። ነጭ ወረቀት ላይ ልትለጥፈው ፈለገች። ኮላ የላትም። ከሱቁ ብትጠይቅ እናቷ “ለምኑ?” ልትላት ነው። የእኛ ሰፈር ልጆች ኮላ ሲያጡ ምን ያደርጋሉ? አሁን ሁላችሁም ዝም! ታውቁታላችሁ እኮ። ቅንጭብ ይሰብራሉ። ወተቱ ይለጥፋላ። ስንት ጊዜ ተነገራችሁ? የቅንጭብ ወተት ዓይን ያጠፋል። ሩሐማም ታውቃለች። ነገሌ አድጎ ይህን የማያውቅ የለም። “ተጠንቅቄ ነው፣ ኋላ እጄን እታጠባለሁ” አለች በልቧ። ከአጥሩ ቅንጭብ ቀነጠሰች፤ ወተቱ ይንጠባጠብ ጀመር።

ይኼኔ ኢዩኤል መጣ።

“ሩሒ፣ ምን እየሠራሽ ነው?”

“ምንም። ሂድ።”

“እኔም ልሥራ?”

“ሂድ አልኩህ!”

“ለእማዬ እነግራለሁ።”

ሩሐማ ደነገጠች። እናቷ መጥታ ለራሷ የጻፈችውን ብታይ! ሳቢር ቢሰማ! “እሺ እሺ፣ ና፤ ይቺን ያዝልኝ” ብላ የተሰበረውን ቅንጭብ በእጁ አስያዘችው። አፉን እንዲዘጋላት ነው። ኢዩኤል ደስ አለው። እህቱ ሥራ ሰጠችው! እንደ እሷ ወረቀቱ ላይ ወተቱን ጠብ፣ ጠብ አደረገ። ጣቶቹ ነጭ ሆኑ። ዝንብ መጣችና ቅንድቡ ላይ አረፈች። በዚያው እጁ ዓይኑን አሸ።

ጩኸቱ ገበያው ድረስ ተሰማ።

አየለች ሱቋን ጥላ ሮጣ መጣች። እሷ እስክትደርስ ሩሐማ ቅንጭቡን ወደ አጥሩ ወርውራ፣ ልቦቹን ቀሚሷ ውስጥ ሸጉጣ ነበር።

“ምን ሆነ? ልጄን ምን ነካብኝ?”

“ፈርሃና ናት!” አለች ሩሐማ። “ዓይኑ ላይ አሸዋ በተነችበት!”

ፈርሃና የራሺድ ልጅ ናት። የሩሐማ እኩያ ናት፤ ከመዳህ ጀምሮ አብረው ያደጉ፣ በኢድ ከዚያ ቤት፣ በፋሲካ ከዚህ ቤት የሚበሉ። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደጅ ላይ አሸዋ ሲዝቁ አየለች አይታቸዋለች። ስለዚህ ነገሩ እውነት መሰላት። ውሸት ብቻውን አይሄድም ልጆቼ፤ ከእውነት ላይ ጥቂት ቆርሶ ይዞ ነው የሚሄደው።

አየለች ልጇን አቀፈችው። “አሸዋ ነው የገባህ፣ የኔ ጌታ?”

ኢዩኤል በደኅናው ዓይኑ እህቱን አያት። ሩሐማ ጭንቅላቷን ነቅንቃ፣ አትናገር፣ አለችው።

“አሸዋ ነው” አለ።

አምስት ዓመቱ ነው። ዓይኑ ውስጥ እሳት እየነደደ “አሸዋ ነው” አለ።

ቅንጭብ መሆኑን ብታውቅ አየለች ምን ታደርግ ነበር? ሁላችን የምናደርገውን ነዋ። ያለውን ውኃ ሁሉ ዓይኑ ላይ ትደፋው ነበር። ሲያልቅ ከጎረቤት እየጮኸች ታመጣ ነበር። አጥባ አጥባ፣ ተሸክማው ጤና ጣቢያ ትበር ነበር። አሸዋ ነው ሲሏት ግን ጄሪካኑን አየችው። ግማሽ ነው። ጋሪውም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። “አሸዋ በእንባ ይወጣል” አለች። ትንሽ ረጨት አደረገችለት፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ዓይኑን በንጹሕ ጨርቅ አሰረችለት። እሷ ምን ታድርግ? በተነገራት ነው የሠራችው።

ከዚያ ራሺድ ቤት ደጃፍ ሄዳ ቆመች።

“ሀሚዳ! ነይ ውጪ!”

ሀሚዳ የፈርሃና እናት ናት። እጇን እየጠረገች ወጣች። “አየለች? ናጋ ነው? ሰላም ነው? ምን ሆንሽ?”

“ምን ናጋ አለ! ልጅሽ ልጄን በአሸዋ ዓይኑን ልታወጣው!”

ፈርሃና ከውስጥ እየሮጠች መጣች። “ወላሂ አልነካሁትም! እማ፣ ወላሂ አልነካሁትም!”

“ጭራሽ ትምያለሽ?” አለች ሀሚዳ። ጎረቤት ፊት አፍራለች። እጇን አነሣችና ጉንጯን መታቻት፤ ደገመቻት። ፈርሃና “ወላሂ” ማለቷን አልተወችም፤ ሀሚዳም መምታቷን አልተወችም። ሩሐማ ከበራቸው ሥር ቆማ ሁሉን አየች። አፏ ግን አልተከፈተም።

በማግስቱ የካቲት ሰባት ሆነ። ሩሐማ ማንም ሳይደርስ ክፍል ገብታ ልቦቿን ወንበሯ ላይ አስቀመጠች። ልጆቹ ሲገቡ ጉድ አሉ።

“ኧረ ሩሐማ! ይህን ሁሉ ማን ሰጠሽ?”

“እኔ ምን አውቄ” አለች እየተሽኮረመመች።

ሳቢር መጥቶ ዙሪያዋን ዞራት። “ይህን ሁሉ ልብ የት ታኖሪዋለሽ? እኔ አንድ ነበረኝ፣ እሷንም ፍየል በላችብኝ። በናትሽ አንዱን ስጪኝ!”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዘንድሮ የሳቁት በእሷ አልነበረም። ዓመት ሙሉ የተመኘችውን አገኘች። ምን ያደርጋል፣ ዓይኗ ፈርሃና ወዳለችበት ሄዶ ሄዶ ያርፍ ነበር።

ፈርሃና ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጣች። ጉንጯ አብጧል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ምን አድርጌሽ ነው?” አለቻት።

“ሂጂ።”

“ምን አድርጌሽ ነው? ንገሪኝና ልወቀው።”

“ሂጂ ብያለሁ፤ ሰው እያየን ነው።”

ፈርሃና ልቦቹን አየቻቸው። ከዚያ ሄደች።

ቅዳሜ የኢዩኤል ዓይን አብጦ አልገለጥ አለ። አየለች አዝላው ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ “ምን ገባበት?” አላት። “አሸዋ” አለችው። ለአሸዋ የሚሰጠውን ቅባት ሰጣት። እሱም በተነገረው ነው የሠራው። እያያችሁ ነው? አንዲት ውሸት እናቱን አሞኘች፣ ጎረቤትን አጣላች፣ አሁን ደግሞ ሐኪሙን መንገድ አሳተችው። ሩሐማ እንደሆነ ቤት ቁጭ ብላ “ነገ ይሻለዋል” ትላለች። ነገ ግን ለማንም ቃል አልሰጠም።

እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሄደች። ልጆቹን የሚያስተምሩት ጋሽ ጣዲቻ ነበሩ። የቦሬ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው መሐል ኦሮምኛ ጣል ጣል ያደርጋሉ።

“አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ፣ ልጆች?”

“ናጋ!” አሉ ልጆቹ በአንድ ላይ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች። “ጋሽዬ፣ ቫለንታይን ምንድን ነው? አበባ ነው?”

“አበባ? ያ ዋቃ፣ አምላኬ!” አሉ ጋሽ ጣዲቻ። “ሰው ነው እንጂ! ቄስ ነው። ሰማዕት ነው። ቀኑን ሙሉ ቀይ ለብሳችሁ ስትዘሉ የማን ቀን እንደሆነ አታውቁም?”

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

“ከብዙ ዘመን በፊት በሮም ከተማ ቫለንቲኖስ የሚባል ቄስ ነበር። ስለ እሱ በእርግጥ የሚታወቀው ጥቂት ነው፤ ስለ ክርስቶስ ብሎ መሞቱ ነው። የቀረው ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው፤ እኔም እንደሰማሁት ነው የምነግራችሁ። ንጉሡ ወታደሮቹን ሚስት እንዳታገቡ ብሎ ከለከለ ይባላል። ሚስት ያለው ወታደር ቤቱ እየናፈቀው አይዋጋልኝም ብሎ። ቫለንቲኖስ ግን በድብቅ ያጋባቸው ነበር። ተያዘ፤ ታሰረ። የወኅኒ ጠባቂው ዓይነ ሥውር ልጅ ነበረችው፤ ጸለየላትና አየች ይላሉ። እሱ ግን አንገቱን ተቆረጠ። የሞተበት ቀን ነው ያ የእናንተ ቀይ ቀን።”

“ልቡስ ጋሽዬ? የወረቀቱ ልብ ከየት መጣ?”

“እሱማ ከሞተ ከስንትና ስንት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች፣ በዚህ ወራት ወፎች ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ ብለው ቀኑን የወዳጆች ቀን አደረጉት። ከዚያ ነጋዴ ሰማ። ነጋዴ ከሰማ በኋላ ምን ይቀራል? ደሙ ተረሳና ቀለሙ ቀረ።”

ልጆቹ ሳቁ፤ ግማሾቹ የባለ ሱቅ ልጆች ናቸዋ። ሩሐማ ግን አልሳቀችም። እጇን አወጣች።

“ጋሽዬ፣ ንጉሡ ፊት ሲያቀርቡት ‘እኔ አይደለሁም’ ቢልስ ኖሮ?”

“ይድን ነበራ።”

“ለምን አላለም ታዲያ?”

ጋሽ ጣዲቻ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። “እኔ እንጃ ልጄ፣ አልነበርኩም። ግን እሱ አይደለሁም ካለ ሌላ ሰው መያዙ ይቀራል? ያጋባቸውን ልጆች ይይዟቸው ነበር። ወይም ምንም የማያውቅ አንዱን ምስኪን። በደል ባለቤቱ ‘የኔ ነው’ ካላለው፣ ተነሥቶ ጎረቤት ቤት ይገባል።”

ሩሐማ ተነሣች። “ወዴት?” አሏት። በገበያው መሐል ሮጠች፤ ነጠላዋ ወደቀ፣ አላነሣችውም።

አየለች ኢዩኤልን አስተኝታ እራፊ ጨርቅ ታጠምቅ ነበር።

“እማዬ፣ ቅንጭብ ነው።”

“ምኑ?”

“ዓይኑ። አሸዋ አይደለም። ቅንጭብ ነው። እኔ ነኝ ያስያዝኩት። ፈርሃና እዚያ አልነበረችም።”

አየለች አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። እጇ ላይ ያለው ጨርቅ ውኃውን እያንጠባጠበ ልጅቷን አየቻት።

ኢዩኤል አልጋው ላይ ቀና አለ። ፊቱ ግማሹ ታስሯል። “ሩሒ፣ እኔ አልነገርኩም!” አለ። “እማዬ ሙች፣ እኔ አይደለሁም የነገርኩት!” እህቱ ተቆጥታው ጥላው እንዳትሄድ ፈርቶ ነው እኮ። አይ፣ ቆዩ፤ ትንሽ ልተንፍስ።

አየለች ያን ጊዜ ጮኸች። “ቅንጭብ! ቅንጭብ ነው! ውኃ!” ሰፈሩ ተሯሯጠ። ከሁሉ ቀድማ ጄሪካን ይዛ የደረሰችው ማን መሰለቻችሁ? ሀሚዳ ናት። ኩርፊያው እንደ ኩርፊያ ነው፤ “ቅንጭብ” ሲባል ግን ማንን እንደተቀየመች አልጠየቀችም። አጠቡት። ብዙ ውኃ ፈሰሰ። ውኃው ግን የፈሰሰው ዘግይቶ ነው።

አባቱን አስጠርተው ሐዋሳ ወሰዱት። ሩሐማም አብራ ሄደች፤ ኢዩኤል እጇን አልለቅም ብሎ ነው። መንገዱን ሙሉ ጸለየች። “ያቺን የወኅኒ ጠባቂ ልጅ ያዳንክ፣ የኔንም ወንድም አድንልኝ” አለች። ቦሬ ላይ መኪናው ሲቆም ሌሎቹ ወርደው ምሳ በሉ፤ እሷ አልወረደችም።

የዓይን ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ መረመረው። ከዚያ አባቱን ወደ ጎን ጠርቶ ተናገረ። “ያኔውኑ በብዙ ውኃ ታጥቦ፣ ምን እንደነካውም በጊዜ ሰምተን ቢሆን፣ ምናልባት ይተርፍ ነበር” አለ። “አሁን ጠባሳው ብሌኑን ሸፍኖታል። የቀረውን አንድ ዓይኑን ጠብቁለት።”

የሩሐማ ጸሎት ለምን እንዳልተሰማ እኔን አትጠይቁኝ። ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ የእግዜርን ሥራ አላውቅም። ዓይኑ አልበራም። ዛሬም ነጭ ነው። በዚያ በኩል ሰው ሲመጣበት ይደነግጣል፤ ኳስ ሲወረወርለት ያመልጠዋል።

ሲመለሱ ሩሐማ ብቻዋን ራሺድ ቤት ሄደች። ማንም አልላካትም። ሀሚዳ ደጅ ላይ ነበረች። ሩሐማ ጉልበቷ ላይ ወደቀች።

“እትዬ ሀሚዳ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዋሽቼ ነው። ፈርሃና ምንም አላደረገችም።”

ሀሚዳ ክንዷን ያዘቻት። “ተነሺ፣ ኢንታላ ኮ” አለቻት፤ ልጄ ማለቷ ነው። “ለአንቺስ ይቅር ብያለሁ፤ ልጅ ነሽ። እኔ ግን ልጄ ወላሂ እያለችኝ መታኋት። የወለድኳትን አላመንኳትም። አሁን ሳናግራት ፊቷን ታዞርብኛለች። እስቲ ይህን በምን ውኃ ልጠበው?”

ፈርሃና ከውስጥ ወጣች። ሁሉን ሰምታለች። ሩሐማ እጇን ዘረጋችላት።

“ፈርሃናዬ፣ ይቅር በይኝ።”

“ይቅር ብያለሁ” አለች ፈርሃና። እጇን ግን አልዘረጋችም። “ኢዩኤልን ይዘሽው ና፣ አጫውተዋለሁ። አንቺ ግን ደጅ ሆነሽ ጠብቂው።”

እንዳለችውም ሆነ። ሩሐማ ወንድሟን እስከ በሩ ታደርሰዋለች። እሱ ውስጥ ገብቶ ከፈርሃና ጋር ይስቃል። እሷ ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። አታማርርም፤ አትዋሽምም።

ልጆቼ፣ እውነተኛ ፍቅር ማለት ብናፍርም ብንቀጣም በደላችንን ሳንዘገይ “የኔ ነው” ብለን፣ የምንወደው ሰው በእኛ ውሸት እንዳይጎዳ ማድረግ ነው።